አንዲት ሴት በሦስት ምስሎች

የሰው ምስል ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለን በቀለም የተሣለ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ነው። ይሁን እንጂ የጥበብ ሰው በቀለም ብቻ አይወሰንም፤ ጨርቅን፣ ክርን፣ ወረቀትንና የመሳሰሉትን ቁሳቁሶች አዋሕዶ የሰውን መልክ ሊያወጣ ይችላል። አሜሪካዊቷ ቢሳ በትለር እ.ኤ.አ. በ2021 በጨርቅና በክር የሠራችው የሐሪየት ተብማን ምስል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሥራውን ትርጉም ለመረዳት ግን አስቀድሞ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ምስሎች ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምስል በቃላት የተሣለ ነው። ተብማን እ.ኤ.አ. በ1822 ገደማ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በባርነት ከሚኖሩ ወላጆች ተወለደች፤ በልጅነቷም ሚንቲ ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1849 ከሁለት ወንድሞቿ ጋር በጠፋች ጊዜ እመቤቷ በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣች። ማስታወቂያው የሚንቲን ዕድሜ፣ ቁመትና የቆዳ ቀለም ከዘረዘረ በኋላ፣ በግዛቱ ውስጥ ለሚይዛት 50፣ ከግዛቱ ውጭ ለሚይዛት ደግሞ 100 ዶላር እንደሚከፈል ይገልጻል። ከብት የጠፋበት ሰው የከብቱን ምልክት እንደሚናገር፣ የእርሷም መልክ የተነገረው ተይዛ እንድትመለስ ብቻ ነበር። ተብማን ማንበብ ስላልተማረች፣ ስለ ራሷ የተጻፈውን እንኳ ልታነብ አትችልም ነበር።

ወንድሞቿ ፈርተው በመመለሳቸው እርሷም አብራ ተመለሰች። ሆኖም ብዙ ሳትቆይ ብቻዋን ተነሥታ የሰሜንን ኮከብ እየተከተለች ባርነት ወደ ቀረበት ወደ ፔንሲልቫኒያ ገባች። ነፃነቷን ካገኘች በኋላም አርፋ አልተቀመጠችም፤ 13 ጊዜ ያህል ወደ ሜሪላንድ እየተመለሰች 70 ያህል ሰዎችን ከባርነት አወጣች። በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1863፣ በኮምባሂ ወንዝ ላይ ለዘመተው ጦር መንገድ በመምራቷ ከ700 የሚበልጡ ሰዎች ነፃ ወጡ።

ሁለተኛው ምስል እ.ኤ.አ. በ1868 ወይም በ1869 በኒውዮርክ ግዛት፣ በኦበርን ከተማ፣ ቤንጃሚን ፓወልሰን ያነሣት ፎቶግራፍ ነው። በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ 6 በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ ካርድ ነው። ተብማን ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ እጇን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፋ፣ ኰራ ብላ ተቀምጣለች። ከታወቁት ፎቶግራፎቿ ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ይህ ካርድ በአንዲት መምህርት አልበም ውስጥ ተጠብቆ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕዝብ ተቋማት እጅ ገባ። ማስታወቂያውን ያስጻፈችው እመቤቷ ነበረች፤ በካሜራው ፊት የተቀመጠችው ግን ተብማን ራሷ፣ በገዛ ፈቃዷ ነበር።

ሦስተኛው ምስል የበትለር ሥራ ነው። በትለር ስፌትን የተማረችው ከእናቷና ከአያቷ ሲሆን፣ አባቷ የጋና ተወላጅ ናቸው። አሠራሯም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ አሮጌውን ፎቶግራፍ በሰው ቁመና ልክ ታሳድገዋለች። ቀጥላ ብርሃን ያረፈበትንና ጥላ ያጠላበትን ቦታ ለይታ ትሥላለች። ከዚያም ጨርቅ እየቆረጠች ለብርሃኑ ፈካ ያለውን፣ ለጥላው ጠቆር ያለውን በመደራረብ ፊትን፣ እጅንና ልብስን ታወጣለች። በመጨረሻም የላዩን ጨርቅ፣ በመካከል የሚገባውን ለስላሳ ሙሌትና ገበሩን አንድ ላይ በመኪና ትሰፋለች። ከጨርቆቹ መካከል ሐር፣ ከፋይና በአፍሪካ የሚለበሱ ባለ አበባ ጨርቆች ይገኛሉ። የሰውን ገላ በተፈጥሮ ቀለሙ አትሠራውም፤ ስሜትንና ጠባይን ለመግለጽ ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ትመርጣለች።

በትለር ለሥራው የሰጠችው ርእስ ተብማን እ.ኤ.አ. በ1913 ከመሞቷ በፊት እንደተናገረችው ከሚነገረው፣ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ከተወሰደ ቃል የመጣ ነው። ሥራው በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ሦስቱም ምስሎች ስለ አንዲት ሴት የተሠሩ ናቸው። አንደኛው ዋጋ ተመነላት፤ ሁለተኛው ክብሯን መዘገበላት፤ ሦስተኛው ክብሯን ለትውልድ አጐላላት። ስለዚህ አንድን ምስል ስንመለከት፣ «መልኩ ይመስላልን?» ብለን ብቻ ሳይሆን፣ «ማን ሠራው? ለምንስ ሠራው?» ብለንም እንጠይቅ።

መልመጃ

ሀ. ማስታወቂያውና ፎቶግራፉ በምን በምን ይለያያሉ?
ለ. የበትለርን አሠራር በቅደም ተከተል በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
ሐ. የምታውቁትን አንድ የእጅ ሥራ አሠራር የሚያስረዳ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።