በልደታ ቀን የተሾሙት አባት

ግንቦት ልደታ በደረሰች ጊዜ በአዲስ አበባ ልደታ ሰፈር ንፍሮው ይቀቀላል፤ ጎረቤትም ከደጅ ወጥቶ በአንድነት ይቀምሳል። ልጅ በማጣት ብዙ ዘመን ያዘኑት ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን ያገኙባት ዕለት ናትና፥ እናቶቻችን አብዝተው ይወዱአታል።

በዚህችው ዕለት፥ ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም.፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው በመንበሩ ተቀመጡ። አምስት ዓመት ሳይሞላም፥ በየካቲት 1968 ዓ.ም.፥ ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳትን መሾማቸው ነበር።

አንባብያን ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ነበር፤ ዝም ብሎ ዘመንን ማሳለፍ ለማንም አያስነቅፍም ነበር። እኛ እንኳ ሲሞላልን ስለት እናገባለን፥ ሲጎድልብን ግን ከቅዳሴው እንቀራለን። እርሳቸው በክብሩ ወራት የጀመሩትን የእረኝነት ሥራ በሥጋቱ ወራት አላቋረጡም።

በቦታቸው ሌላ ፓትርያርክ ሲሾም፥ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን እርሳቸው በሕይወት ሳሉ አልቀበልም አለች። በ1971 ዓ.ም. በስውር ተገደሉ፤ ምእመናንም መቃብራቸውን ሳያውቁ ዓመታት አለፉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አፅማቸው ተገኝቶ፥ በ1984 ዓ.ም. በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ። ሳያስፈቅዱ ከሾሟቸው ከሦስቱ አንዱ አቡነ ጳውሎስም በዚያው ዓመት በፓትርያርክነት መንበር ተቀመጡ።