አፈርሳታ ወይስ ሌባ ሻይ?
የመጀመሪያውን የምርመራ ልብ ወለድ ስለ መምረጥ

በኢሉባቦር፣ በኡካ ከተማ ተመድቦ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን በቅርቡ አጭር ጥያቄ ላከልን። የአገሩ ክረምት ረዥም ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ እንኳ አያባራም። ስለዚህ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማንበብ ሊጀምር አስቧል። ነገር ግን ደም የሚጐርፍበትን ሳይሆን እንደ እንቈቅልሽ የሚፈታውን፣ ለዘብ ያለውን ዐይነት ይሻል። «የቱን ላስቀድም?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም በመጀመሪያው መጽሐፍ ተሰላችተው ንባብን እስከ መጨረሻው የተዉ ወጣቶች ጥቂቶች ስላልሆኑ፣ መልሱን ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ልናደርገው ወደድን።

የዚህ ዐይነት ልብ ወለድ ጠባዩ የታወቀ ነው። ቦታው አነስተኛ፣ ሰዎቹ ጥቂትና እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ናቸው፤ ጥፋተኛውም ከመካከላቸው አንዱ ነው። በዚህ ሥራ ስሟ የገነነው እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ (እ.ኤ.አ. 1890–1976) ስድሳ ስድስት የምርመራ ልብ ወለዶች ጽፋለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኀኒት ክፍል ስለ ሠራች፣ ስለ መርዝ የምትጽፈው ከዕውቀት ነው። ከፈጠረቻቸው መርማሪዎች አንዷ ሚስ ማርፕል ናት፤ በአንዲት መንደር የምትኖር፣ ሹራቧን እየሠራች የሰውን ነገር በጥሞና የምታዳምጥ አሮጊት። እንዲህ ያለችውን ሴት የማያውቅ የኡካ ሰው ይኖራልን? ጀበናው እስኪወርድ ድረስ የሦስት ቤት ወሬ ሰምታ፣ የትኛው እውነት እንደ ሆነ በልቧ የምትለይ እናት በየሰፈሩ አለች።

እንግዲህ መልካሙን መጽሐፍ ከመጥፎው በምን እንለየው? መለኪያውን ሩቅ ሳንሄድ ከገዛ አገራችን እናገኘዋለን። ቀድሞ በአገራችን ወንጀል ተፈጽሞ ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ በአፈርሳታ ይጠየቅ ነበር። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ነገሩ እስኪወጣም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሌላው መንገድ ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ የሚያፈዝዝ መድኀኒት ጠጥቶ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ዞሮ ዞሮ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አፈርሳታ ንጹሑን ሰው ለቀናት ከሥራው ያስተጓጕል እንደ ነበር አንክድም፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ምስክር ነበር። ሌባ ሻይ ግን ምንም አይጠይቅም።

በ1929 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ለዚህ ልብ ወለድ ዐሥር ሕጎች ሲያወጣ፣ በምትሐትና በመንፈስ ኀይል ነገርን መፍታትን ከልክሏል። መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ለአንባቢውም እንዲገለጥ አዝዟል። በእኛ ቋንቋ ስንለው፣ መጽሐፉ እንደ አፈርሳታ ይሁን እንጂ እንደ ሌባ ሻይ አይሁን ማለት ነው።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ተማሪዎች ሳለን በመኝታ ክፍላችን የአንድ ጓደኛችን ገንዘብ ጠፋ። ማንም ማስረጃ አልጠየቀም፤ ሁላችንም ከመካከላችን ድኻ በነበረው ልጅ ላይ ጣታችንን ቀሰርን። ከቀሳሪዎቹም አንዱ እኛ ነበርን። ከሳምንት በኋላ ገንዘቡ በተቀደደ ኪስ ሾልኮ ከባለቤቱ ካፖርት ገበር ውስጥ ተገኘ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ አልቀረበም። ያለ መድኀኒትና ያለ ገመድ ሌባ ሻይ አድርገን ነበርና።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ለኡካው ወዳጃችን በመጀመሪያ የምንመክረው የአሌክሳንደር ማክኮል ስሚዝን «ዘ ነምበር ዋን ሌዲስ ዲቴክቲቭ ኤጀንሲ» ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ታተመ። ታሪኩ የሚፈጸመው በቦትስዋና ነው። ፕሬሼስ ራሞትስዌ የተባለች ሴት አባቷ ያወረሳትን ከብት ሸጣ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች፤ «አባትሽ ነኝ» ብሎ የመጣ እንግዳ፣ ከቤቱ የጠፋ ባል፣ ይህን የመሰለ ጉዳይ ይቀርብላታል። የአንድ የጠፋ ልጅ ነገር ከበድ ቢልም፣ እንግሊዝኛው ገር ነው፤ የዘመድ አክብሮቱና የከብቱ ፍቅር ለእኛ እንግዳ አይሆንም።

ሁለተኛው የሚስ ማርፕል የመጀመሪያ ልብ ወለድ፣ በ1930 እ.ኤ.አ. የታተመው «ዘ መርደር አት ዘ ቪካሬጅ» ይሁን፤ እንቈቅልሹ ይበልጥ የተቈላለፈ ነው። «ዘ መርደር ኦቭ ሮጀር አክሮይድ» (1926 እ.ኤ.አ.) ግን ለሦስተኛ ይቆይ፤ ምክንያቱን ያነበበ ያውቀዋል፤ እኛ አንናገርም። በአማርኛ መጀመር ለሚሻ፣ በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚጠራውን የይልማ ሀብተየስን ሥራዎች ይፈልግ።

ከማንበብ በፊት የመጨረሻውን ገጽ አትግለጡ፤ ያነበበውንም ሰው አትጠይቁ። ከመካከል ስትደርሱ መጽሐፉን ዘግታችሁ ጥፋተኛ የምትሉትን ሰው ስም ከነማስረጃችሁ በወረቀት ጻፉ። ብዙ ጊዜ ትሳሳታላችሁ፤ ስሕተቱ ግን ማንንም አይጐዳም።

ወዳጃችን ነገ በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ጐደለ ሲባልና ሰው ሁሉ ወደ ዘበኛው ሲያይ፣ እርሱ «ቁልፉ በማን እጅ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የክረምቱ ንባብ ዋጋውን ከፈለ ማለት ነው።