ግርሻ የታማሚው ጥፋት አይደለም

ትኩሳት ለቆት የነበረ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ አልጋ ላይ ሲወድቅ ከንፋስ መውጫ እስከ አዲስ አበባ የሚሰማው ወቀሳ አንድ ነው፦ ሳያገግም ተነሳ፣ ብርድ መታው፣ የማይሆን ነገር በላ። መርፌ ተወግቶ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «መድኃኒቱ ነው የጎዳው» ይባላል። ሁለቱም ወሬዎች ሕይወት ያስከፍላሉ፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ይህን ተመላላሽ በሽታ፣ ትኩሳት ግርሻን፣ የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር እ.ኤ.አ. በ1868 በርሊን ውስጥ በታማሚዎች ደም አየው፤ ግኝቱን ያሳተመው በ1873 ነው። አስተላላፊው የልብስ ቅማል ነው። ታይፈስም በዚሁ ቅማል ይተላለፋል፣ ባክቴሪያው ግን ሌላ ነው፤ ታይፎይድ ደግሞ በምግብና በውሃ የሚመጣ የተለየ በሽታ ነው። በዓለም ጦርነቶች ዘመን አውሮፓን ያመሰው ግርሻ ዛሬ በዋናነት የቀረው በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ነው።

የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በክረምት የአካባቢው ብርድ ልብስ አያስወልቅም፤ ቀን የተለበሰው ሌሊትም ይታደርበታል። ቅማሉ የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፣ ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጨናንቀው የሚያድሩና ልብሳቸውን የሚያጥቡበት ውሃ የሚያጥራቸው ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ይህ የኑሮ ችግር እንጂ ነውር አይደለም።

ቅማሉ ሲነክስ ባክቴሪያውን ወደ ደም አያስገባም። ባክቴሪያው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ታግዶ ይቆያል። ሰው ሲያክክ ወይም ቅማሉን በሁለት አውራ ጣቶቹ ጥፍር መካከል ሲጨፈልቀው ግን ፈሳሹ ይወጣና በተቧጨረ ቆዳ በኩል ይገባል።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። የባክቴሪያው ገጽ በአንድ ዓይነት ፕሮቲን ተሸፍኗል። የሰውነት መከላከያ ይህን ፕሮቲን ለይቶ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ በአምስትና በስድስት ቀን ውስጥም ደሙን ያጠራል። ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ታማሚው ዳነ ይባላል። ነገር ግን ከሚሊዮኖቹ መካከል ጥቂቶች የገጽ ፕሮቲናቸውን ቀይረዋል። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽፍታ ይያዝ ተብሎ ሲታወጅ በጥቁር በርኖስ ኬላውን እንደሚያልፍ ሰው፣ ፀረ እንግዳ አካሉ አያውቃቸውም። ከሳምንት ገደማ በኋላ ተራብተው ትኩሳቱን ይመልሱታል።

ሽፍታው ግን አስቦ ነው፤ ባክቴሪያው አያስብም። ለገጹ ፕሮቲን የሚሆኑ ብዙ ጂኖችን ይዟል፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ከዝምተኞቹ አንዱ ይገለበጥና በሚሠራው ቦታ ይተካል። ይህ በዝርዝር የተጠናው አሜሪካ ውስጥ በመዥገር በሚተላለፈው ዘመዱ በቦሬሊያ ሄርምሲ ላይ ነው፤ እዚያ ለውጡ ከሺህ እስከ አሥር ሺህ የሕዋስ ክፍፍል አንዴ ገደማ እንደሚከሰት ተለክቷል። የኛው ባክቴሪያም ተመሳሳይ የጂን ቤተሰብ አለው፣ የለውጡ ፍጥነት ግን እኩል ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ደግሞም ይህ ብቸኛው መሸሸጊያው አይደለም፤ ደም ውስጥ ያለውን ፋክተር ኤች የተባለ ፕሮቲን ገጹ ላይ ይለጥፋል። ፋክተር ኤች የመከላከያው ጥቃት የራሳችንን ሕዋሳት እንዳይመታ የሚያበርድ ነው፤ ተሸካሚውም እንደ ወገን ይታለፋል።

ታዲያ ብርዱና ምግቡ ምን አደረጉ? ትኩሳቱ የተመለሰው ታማሚው ገና እንደተኛ በተጀመረ ለውጥ ነው።

መርፌውም ቢሆን የሚከሰሰው በሚሠራው ሥራ ነው። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በብዛት ሲጠፉ ሰውነት ቲኤንኤፍ የሚባለውን ፕሮቲን የመሳሰሉ የሰውነት መቆጣት መልእክተኞችን ይለቃል፤ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱ በታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ላይ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት አስቀድመው ከወሰዱ 20 ታማሚዎች ይህ የገጠማቸው 10 ናቸው፤ ካልወሰዱት 29 ግን 26 ናቸው። ግማሾቹ አሁንም መንቀጥቀጣቸው ቲኤንኤፍ ብቻውን ተጠያቂ አለመሆኑን ያሳያል። አደጋው እውነተኛ ነው፤ ሳይታከም የቀረ ግርሻ ግን በወረርሽኝ ጊዜ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚደርሱ ታማሚዎችን ገድሏል።

ስለዚህ ታማሚው ከመርፌው በኋላ ለሰዓታት ጤና ተቋሙ ውስጥ ክትትል ሊደረግለት ይገባል። የደም ምርመራውም ትኩሳቱ እያለ ይወሰድ፤ በረድ ባለበት ቀን ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ አይታይም። የቤተሰቡ ልብስ ደግሞ በዚያው ቀን በፈላ ውሃ ይቀቀል።