ሁሉም ሳቀ፤ ሽሮውን ግን ማንም አላስታወሰም

ልጅዎ ከጓደኞቹ ጋር በስልክ የቀረጸውን አስቂኝ ቪዲዮ ሲያሳይዎ ምን ይሉታል? አብዛኞቻችን ስቀን «ጎበዝ!» ብለን እናልፋለን። ቪዲዮው ማስታወቂያ ከሆነና ከጀርባው የአንዲት እናት ገንዘብ ካለ ግን «ጎበዝ» ብቻውን አይበቃም።

የማርኬቲንግ ባለሙያ በመሆኔ፣ ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ አባላት የሆኑ አራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሠሩትን ማስታወቂያ እንዳይላቸው ጠየቁኝ። የአንዷ እናት ጎረቤቴ ናት። ከመሥሪያ ቤት ከለቀቀች ወዲህ የተመጠነ ሽሮ እያዘጋጀችና እያሸገች ትሸጣለች። ማሸጊያውን ያሳተመችው ከዕቁብ በደረሳት ገንዘብ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ የሽሮ ገበያ ደግሞ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ቪዲዮ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ሽሮውን ታሳርራለች፣ እመቤቷ ትጮኻለች፣ ሠራተኛዋ ቃላት እያጣመመች ትመልሳለች፣ አባወራው «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ሲሮጥ ተንሸራቶ ይወድቃል። ከዚያ ሽሮው ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ብሎ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር ያስቃል፤ የልጁ አወዳደቅ በተለይ የተዋናይ ነው። ለሦስት ባልደረቦቼ አሳየኋቸውና ከምሳ በኋላ «ምን ነበር የሚሸጠው?» አልኳቸው። አንዷ «ድስት» አለች። ሌላው «ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ አይደል እንዴ?» አለኝ። ሦስተኛው መልስ ከመስጠት ይልቅ አወዳደቁን እየደገመ ሊያሳየኝ ተነሳ።

ከዚህ የከበደ ነገርም ነበር። ከጎረቤቴ ጋር እህሉን የምትለቅመውና የምታምሰው የቤታቸው ሠራተኛ ናት፤ ማታ ማታ ትማራለች። ቪዲዮው ሳሎን ውስጥ ሲከፈት ቆማ አየችና ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ተመለሰች። ይህን የነገረችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። በቡድኑ መካከል ክርክር ተነሳ፤ «ቀልድ እኮ ነው» የሚለው ወገን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሰውን ክብር የሚነካ ማስታወቂያን እንደሚከለክል ነገርኳቸው። አዋጁ ግን ብዙም ያሳመናቸው አይመስለኝም። «ከእናንተ መካከል ሽሮ መሥራት የማይችለው ማነው?» ብዬ ስጠይቅ ሦስቱ አባወራውን ሆኖ ወደተጫወተው ልጅ ዞሩ። ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው።

በአዲሱ ቪዲዮ ሚስቱ ለመስክ ሥራ የወጣችበት አባወራ ሽሮ ሊሠራ ተነስቶ ገጠር ላለች እህቱ ይደውላል። «ዱቄቱ ስንት ስኒ ነው?» «በስኒ ማን ይለካል? ገመት አድርጎ ነው እንጂ!» «ውሃውስ?» «እያዩ ነዋ።» «መብሰሉ በምን ይታወቃል?» «ሲበቃው ይታወቃል።» ላብ ያጠምቀዋል። ዓይኑ ማሸጊያው ላይ ሲያርፍ ግን የዱቄቱና የውሃው ልክ በስኒ ተጽፎ ያገኘዋል። እርስዎም ለእናትዎ ወይም ለአክስትዎ ደውለው «ገመት አድርጎ» የሚል መልስ ደርሶዎት ከሆነ ሳቁ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል። ያ ልክ ጎረቤቴ ደጋግማ ሞክራ የደረሰችበትና የምትኮራበት ነው። በመጀመሪያው ቪዲዮ ግን አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም ነበር። አሁን ቀልዱን ለሰው ለማውራት የፈለገ ማሸጊያውን ሳይጠራ አይሆንለትም።

ዶሪቶስ የተባለው የአሜሪካ ቺፕስ እ.ኤ.አ. በ2007 በሱፐር ቦውል ጨዋታ መካከል ከሕዝብ በውድድር የመጣ ማስታወቂያ አስተላልፏል። ሁለት ወጣቶች ከ13 ዶላር ባነሰ ወጪ እንደሠሩት ተዘግቧል። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ወጪው ማነስ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን እያንዳንዱ ቀልድ የቺፕሱን አንድ ባሕርይ ይዞ መምጣቱ ነው።

የእህትየውን ድምፅ የሰጠችው ማን መሰለችዎ? ያቺው ሠራተኛ ናት፤ በገዛ አነጋገሯ። ሳቁ የሚመጣው እሷ ስለምታውቅና እሱ ስለማያውቅ ነው። ክፍያም ተከፍሏታል። (የቤት ሰው ናት ተብሎ እንዳይታለፍ ብዬ ነው ማንሳቴ።)

ሌሎቹ ማሻሻያዎች ትንንሽ ቢሆኑም ልዩነት አምጥተዋል። ድምፁ የፍሪጅ ጉርምርምታ ስለነበረበት ፍሪጁን ለቀረጻው ሰዓት ነቀሉት፤ ሁለተኛ ስልክ ደግሞ በፎጣ ጠቅልለው ከተዋናዩ አጠገብ አስቀመጡ። መብራቱን አጥፍተው ጠዋት በመስኮት ብርሃን ቀረጹ። ከአንድ ታዋቂ ድምፃዊ የወሰዱትን ዘፈን አወጡት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ መሠረት የሰው ሥራ ለንግድ የሚውለው በፈቃድ ነው። በምትኩ የገባው የሽሮው ቱግ ቱግታ ነው፤ ለእኔ ከዘፈኑ ይልቅ የሚያስርበው እሱ ነው። አንድ የሚያስቅ ነገርም ነበር። በመጀመሪያው ቅጂ አባወራው ድስቱ ውስጥ ቅቤ በማንኪያ ይጨምራል፤ ለጾም ገበያ በተሠራ ማስታወቂያ! ያንን ያየችው አያትየው ናት፤ እኛ ሁላችንም አልፈነዋል።

እርስዎም ለልጅዎ ሥራ አስተያየት ሲሰጡ እጅዎን ከስልኩ ላይ ያርቁ። ጥያቄ ይጠይቁ፤ መቁረጡንና መቀጠሉን ለእነሱ ይተዉት። እኔ አንድም ትዕይንት አልቀረጽኩም። በዚህም የተነሳ ያልወደድኩት ነገር እንዳለ አለ፦ መጨረሻ ላይ አራቱም ተሰልፈው የሽሮውን ስም በአንድ ድምፅ ሲጠሩ የወላጆች ቀን በዓል ይመስላል። አውጡት ብላቸው አልተስማሙም።

ቪዲዮው አሁን 38 ሰከንድ ነው። «የገመት አድርጎ ሽሮ አላችሁ?» እያሉ የሚደውሉ ደንበኞች መጥተዋል። ጎረቤቴ በሚቀጥለው ስልክ ቁጥሯ ሁለት ጊዜ ይነገርልኝ እያለች ነው፤ ልጆቹ አንዴ ይበቃል ይላሉ። «እህትየዋ» በበኩሏ በሁለተኛው ክፍል ፊቷም መታየት አለበት ብላ የምትናገረውን በደብተሯ መጻፍ ጀምራለች።