አዲስ ቤት ከነመሬቱ ሲሸጥ የሚገመተው የቱ ነው?

በከተሞች ዳርቻ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች አንድ ጉዳይ በመሪዎች ፊት ደጋግሞ ይቀርባል። ይኸውም አንድ ገበሬ በእርሻው ጫፍ ላይ በጥድፊያ አዲስ ቤት ያቆማል፤ ብዙም ሳይቆይ ለከተማ ሰው «ከነይዞታው» ይሸጠዋል። ከዚያም ሻጭና ገዢ ሽማግሌ አስከትለው ውሉ በማኅተም እንዲጸናላቸው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመጣሉ። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን በሌሊት የሚቆም ቤት ጨረቃ ቤት ይለዋል።

እንደሚታወቀው ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት መሸጥ የተከለከለ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቷል። ሆኖም ያው አንቀጽ ማንኛውም ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ያፈራውን ቋሚ ንብረት ሊሸጥ፣ ሊያወርስ፣ የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥም ንብረቱን ሊያነሳ ወይም ካሣ ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ ቤት ይሸጣል፤ መሬት አይሸጥም። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ዋጋ ሲጻፉ ነው።

ለመለየት የሚቻለው ቤቱን ክፍል በክፍል ቆጥሮ በመገመት ነው። ለጭቃ ቤት መሠረቱ የድንጋይ መሆን አለመሆኑ፣ የቋሚው፣ የማገሩና የወራጁ ብዛት፣ በርና መስኮቱ፣ ወለሉ፣ ምርጊቱ፣ ምስማሩ፣ የአናጺው ዋጋና የማጓጓዣው ወጪ እየተቆጠረ በአቅራቢያው ገበያ ዋጋ ይሰላል። ቆርቆሮውን በቁጥር ብቻ ማለፍ አይገባም። ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ከባለ 28 ጌጁ የሳሳ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ውፍረቱ ይቀንሳልና። በጥድፊያ የቆመ ቤት ደግሞ እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሊሆን ስለሚችል ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስጥም ይደፍረዋል። አዲስ መሆኑ ብቻ ዋጋ አይጨምርለትም።

ለምሳሌ ያህል ውሉ 600 ሺህ ብር ይላል እንበል። በቆጠራው ቤቱ 170 ሺህ ብር ቢያወጣ፣ ለአጥሩ፣ ለውኃ ጉድጓዱና ለመጸዳጃው 30 ሺህ ብር ቢታከልለት፣ የቀረው 400 ሺህ ብር የምን ዋጋ ነው? የመሬት ዋጋ ከመሆን በቀር ሌላ ስም አይገኝለትም። ስጦታ ወይም ብድር ተብሎ ቢጻፍም ያው ነው።

ይህ 400 ሺህ ብር የሚፈተነው መንገድ ወይም ፋብሪካ ሊሠራ መሬቱ ሲፈለግ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት የሚከፈለው ካሣ ንብረቱን እንደ አዲስ ለመተካት የሚያስችል እንዲሆን አድርጓል። ተመጣጣኝ ተተኪ መሬት ሳያገኝ በዘለቄታ ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈል ደንግጓል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ስሌቱ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በሁለቱም አዋጆች የመሬት መሸጫ ዋጋ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ገዢው የከፈለው 400 ሺህ ብር በካሣው ወረቀት ላይ አይታይም። አዋጁ ካሣ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ ስለሆነ የቤቱም ዋጋ ቢሆን አጠራጣሪ ይሆናል። የሻጩ ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው። ጤፍ ወይም ስንዴ ያበቅል የነበረው ማሳ ቤት ከተሠራበት በኋላ በ15 የሚባዛ ምርት የለውም፤ የተቀበለውም ገንዘብ ካለቀ ለልጆቹ የሚያወርሰው ይዞታ አይኖርም። በአማራ ክልል በአረንጓዴው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ውሉ ላይ ግን የባል ፊርማ ብቻ ካለ የሚስትየው መብትም አብሮ ሄዷል ማለት ነው።

ከማኅተሙ በፊት የቀበሌው መሪዎች ደብተሩን ማየት፣ ቤቱን በሜትር መለካት፣ ቆጠራውንም በሻጩ፣ በባለቤቱና በገዢው ፊት ጽፎ ማስፈረም ይገባቸዋል። «ከነይዞታው» የሚል ቃል ያለበትን ውል መመለስ እንጂ ማተም አይገባም።

ገዢው ቤቱን ብቻ ነው የምፈልገው ካለም ነቅሎ መውሰድ ይችላል። ሆኖም የተነቀለ ቆርቆሮ በምስማር የተበሳ ነው፤ ምርጊቱና የአናጺው ጉልበት በጋሪ አይጫኑም። ከ170 ሺህ ብሩ ቤት ስንቱ ተነቅሎ እንደሚሄድ ሽማግሌዎቹ እዚያው ከቤቱ ሥር ቆመው ሊያሰሉለት ይችላሉ።