ስለ ካዙንጉላ ድልድይ

የዛምቤዚ ወንዝ ከቾቤ ወንዝ ጋራ በሚገናኝበት ካዙንጉላ በሚባለው ስፍራ የዛምብያ፥ የቦትስዋና፥ የዚምባብዌና የናሚብያ ወሰኖች እጅግ ተቀራርበው ይገኛሉ። ከነዚህም ውስጥ ዛምብያና ቦትስዋና የሚዋሰኑበት የወንዝ ክፍል ከ200 ሜትር ያነሰ ነው። ይህችም ጥቂት ወሰን አከራክራለች፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 የደቡብ አፍሪቃ መንግሥት ሁለቱ አገሮች ጨርሶ አይዋሰኑም ብሎ ነበር።

ድልድዩ ሳይሠራ መንገደኛውም ጭነቱም የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ጀልባውም ባንድ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ታላላቅ ካሚዮን በላይ ስለማይችል፥ ነጋድያን ከወንዙ ዳር ተሰልፈው ብዙ ቀን ይቈዩ ነበር። መዳብ የጫነ ሰው ቢዘገይ ኪሳራው በቀኑ ወጪ ነው እንጂ መዳቡ አይበላሽም፤ ፍሬና አትክልት የጫነው ግን ዕቃው በፀሓይ ሲበሰብስ እያየ ተራውን ይጠብቃል። ይህም ብቻ አይደለም። በ2003 ልኩን ያለፈ ጭነት የያዘ ካሚዮን የተሳፈረበት ጀልባ ተገልብጦ 18 ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ በኋላ በ2007 ሁለቱ መንግሥታት ድልድይ ለመሥራት ተስማሙ። ሥራው በ2014 ተጀምሮ፥ በግንቦት 2 ቀን 2013 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2021፥ ተመርቆ ተከፈተ። ርዝመቱ 923 ሜትር፥ ወርዱ 18 ሜትር ተኩል ነው። ለመኪና መንገድ፥ ለእግረኛ መተላለፊያ፥ በመካከልም ለባቡር ሐዲድ ስፍራ አለው። ወጪው ወደ 259 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፥ የጃፓን መንግሥትና የአፍሪቃ ልማት ባንክ በብድር ረድተዋል።

ሲሚንቶ፥ አሸዋና ጠጠር ተቀላቅሎ የሚረጋው ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፥ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። በሁለት ምሰሶ መካከል የተዘረጋ ድልድይም ካሚዮን ሲያልፍበት ከታች በኩል ይለጠጣል። ስለዚህ በኮንክሪቱ ውስጥ የብረት ገመዶች ገብተው እጅግ ይወጠራሉ፤ ገመዱም ወደ ቀድሞው ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገል ኮንክሪቱን ጨምቆ ይይዘዋል፥ መሰንጠቅንም ይከለክላል። በካዙንጉላ ከዚህ በላይ አጫጭር ማማዎች ቆመው፥ ከነሱ የወረዱ ገመዶች ወለሉን ደግፈውታል። በዚህ ብልሐት የምሰሶዎቹ መራራቅ እስከ 129 ሜትር ደርሷል።

ድልድዩን የሚያይ ሰው ጐበጥ ማለቱን አይቶ መሐንዲሱ የሳተ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ የሆነው የዚምባብዌን ወሰን እንዳይነካ ነው።

ይሁን እንጂ ድልድይ ብቻውን ሰልፍን አያጠፋም፤ ጀልባ ያዘገየውን ካሚዮን ጸሐፊም ሊያዘገየው ይችላልና። ስለዚህ የሁለቱ አገሮች የጉምሩክና የኬላ ሹማምንት በአንድ ቤት ተቀምጠው እንዲሠሩ ተደረገ፤ መንገደኛውም በሚገባበት አገር በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ይቆማል። በዚህ አውራጃ የዱር ጎሽ አፍተግር የተባለውን በሽታ ይዞ ስለሚኖር፥ ቦትስዋናም የበሬ ሥጋ ወደ አውሮፓ ስለምትልክ፥ ከብትና ሥጋ ሲያልፍ የሚደረገው ምርመራ ግን እንደ ቀድሞው የጠበቀ ነው።