ጎፈር ስንል የቱን ጎፈር?

ጎፈር ሲባል መቼም ለሁላችንም ቶሎ የሚታየን በወንድ አንበሳ አንገት ዙሪያ የሚዘናፈለው ጠጉር ነው። ከዚሁ ጠጉር የሚሠራው የጀግና የራስ መሸፈኛም ስሙ ጎፈር ነው። ድሮ አንበሳ የገደለ፣ በጦር ሜዳ የዋለ ሰው ይደፋው ነበር። ዛሬም የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 በበዓሉ አክባሪዎች ራስ ላይ እናየዋለን። ደፊው ሲፎክር ራሱን ሲነቀንቅማ አንበሳውን መስሎ ቁጭ ይላል! ጠጉሩን አሳድጎ ያንጨፈረረውን ሰው «ጎፈሬ» የምንለውም ከዚሁ ነው።

እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን የሳንቲሙ ጎፈር ነው። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ልጆች ኳስ ሊጀምሩ ሲሉ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ብለው ሳንቲም ወደ ላይ ይወረውራሉ። በ1887 ዓ.ም. በተመታው የምኒልክ ብር አንዱ ገጽ ዘውድ የደፋው ንጉሥ፣ ሌላው አንበሳ ስለ ነበር አባባሉ ልክ ነው። «1969» የሚል ቁጥር ባለባቸው ሳንቲሞች ላይ ግን ዘውድ የሚባል ነገር የለም፤ አንበሳው ብቻ ከነጎፈሩ ቀርቷል። በ2002ቱ የአንድ ብር ሳንቲም በዘውዱ ፈንታ ያለው ሚዛን ነው። ታዲያ ልጆቹ «ሚዛን ወይስ ጎፈር» አይሉም እኮ! ዘውዱ ከሳንቲሙ ቢወርድም ከአፍ አልወረደም።

አንዱ ተማሪ ተነሥቶ «ጋሼ፣ ዘውዱ የታለ?» ማለቱ አይቀርምና፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አንድ ሳንቲም ከኪሳችን አይታጣ።